መጋረጃ የሰቀልኩበት ሽቦ

ውድ ወንድምጋሼ፣

እንደ ደንቡ መጀመሪያ ስለ ጤናህ ልጠይቅህ ነበር። አንድ ገጽ ሙሉ ጠይቄህ ቀደድኩት። ሦስት ዓመት ድምጿን ያላሰማችህ ሴት በድንገት «እንደምን ሰነበትክ» ብትልህ አንተም አታምናትም፣ እኔንም አፌን ይይዘኛል። ስለዚህ ሰላምታውን ቆይተን እንለዋወጣለን፤ አንተ ከፈቀድክ። አሁን የምነግርህ አንድ ነገር አለኝ፤ እሱን ሳልናገር ሌላውን ሁሉ ብደረድር ውሸት ይሆንብኛል።

ነገሩ ስለ ቦይለሩ ነው። አዎ፣ ለእማዬ ገዝተህ በገዛ እጅህ የገጠምክላት የውሃ ማሞቂያ። ወረቀቱን እንዳትጥለው፤ እንደ ድሮዬ ልወቅስህ አይደለም የጻፍኩት። ቁጭ በልና አንብብልኝ።

ያን ቀን የማነሳብህ ረስተኸዋል ብዬ አይደለም። እማዬ ገላዋን ልትታጠብ ገባች፣ የቧንቧውን እጀታ ነካች፣ ጮኸች፣ ወደቀች። በሩን ገፍቼ ስገባ ቀኝ እጇ ከሥሯ ታጥፎ ነበር። ሐኪም ቤት ከሥራህ በሩጫ ደረስክ፤ ቦርሳህ ውስጥ ፒንሳውና ካቻቢቴው ይንኳኩ ነበር። እኔ ከአግዳሚው ተነሳሁና በአጎታችን ፊት፣ በአክስታችን ፊት፣ በማላውቃቸው በሽተኞች ፊት «እጅህ ይሰበር!» አልኩህ።

በልጅነታችን አንድ ስሰድብህ ሁለት መርቀህ የምትመልስ ልጅ፣ ያን ቀን እጆችህን ዝቅ ብለህ አየሃቸውና ኪስህ ውስጥ ከተትካቸው።

በማግስቱ ቤት መጣህ። «ልክፈተውና ልለካው ብቻ፣ የት ላይ እንደሆነ ልየው» ብለህ ለመንከኝ። እኔ ደግሞ በሩ ላይ ተገትሬ «እናቴን ልትገድል ምን ቀረህ? አሁን ደግሞ ልትለካ ነው? ከዚህ ቤት እጅህን አንሳ!» አልኩና የመሣሪያ ቦርሳህን ደጅ ወረወርኩት። ቴስተርህ ተሰበረ። ስብርባሪውን አጎንብሰህ ለቀምክና ሄድክ። በዚያው ወር ከተማውንም ለቀህ ሄድክ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ያኔ አንድም ቃል አልጸጸተኝም። ቦይለሩን የገጠመው ማነው? አንተ። ኤሌክትሪኩ የያዘው ማንን ነው? እናታችንን። ለእኔ ፍርዱ እዚያው አለቀ። የቦይለሩን ብሬከር ወደ ታች አወረድኩ፣ በናስትሮ ጠቀለልኩት፣ «አይነካም» የሚል ወረቀት ለጠፍኩበት። ሦስት ዓመት ሙሉ በአጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር አንተን እየረገምኩ አልፍ ነበር።

እሁድ እሁድ ለእማዬ እንደምትደውል አውቃለሁ። ስልኩ ሲጠራ እኔ ሥራ ያለኝ መስዬ እወጣለሁ። እማዬ ጆሮዋ ስለከበዳት የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ነው የምታወራህ፤ ስለዚህ ብወጣም እሰማለሁ። ቀለም መጋዘን ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት ሆነህ እንደምትሠራ የሰማሁት እንደዚያ ነው። አንድ እሁድ ደግሞ የተከራየኸው ክፍል አምፖል ተቃጥሎ በጨለማ እንዳመሸህና አከራይህን ጠርተህ እንዳስቀየርክ ስትነግራት ሰማሁ። «አንተ? አምፖል?» አለችህ። «ሽቦ መንካት ትቻለሁ እማዬ፣ እጄን አላምነውም» አልካት። ውጪ ቆሜ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። በሆዴ «ይበለው» አልኩ። ይቅር በለኝ አልልህም ገና፤ ግን ያልኩትን እወቅልኝ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የእማዬ ጉልበት ደክሟል። ገላዋን የምትታጠበው ምድጃ ላይ ውሃ አሙቃ፣ ድስቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከኩሽና እስከ መታጠቢያ ቤት እየተጎተተች ነው። «ተይ እኔ ልውሰድልሽ» ስላት «ገና አልሞትኩም» ትላለች። ከሦስት ሳምንት በፊት ኮሪደሩ ላይ እግሯን ምንጣፉ ያዛትና ድስቱ ተገለበጠ። የፈላው ውሃ ከእግሯ ጣት አንድ ስንዝር አልፎ ፈሰሰ። አንድ ስንዝር ብቻ። ከስፌት መኪናዬ ላይ ተነስቼ ስደርስ ግድግዳውን ይዛ ቆማ ነበር፤ ቀለሟ ጠፍቷል።

«በቃ!» አልኳት፣ «ቦይለሩን አሠራዋለሁ።»

«አልፈልግም።»

«ፈርተሽ ነው? ባለሙያ እኮ ነው የማመጣው።»

«እኔ ኤሌክትሪክ ፈርቼ አላውቅም» አለች፣ ድስቱን ከመሬት እያነሳች። «ያ ዕቃ ልጄን ነው የበላብኝ። በሱ ውሃ አልታጠብም።»

ሦስት ዓመት ሙሉ እማዬ ቦይለሩን የሸሸችው እሷን ስለያዛት ይመስለኝ ነበር። በዚያች ደቂቃ ነው የገባኝ፤ የተቀየመችው አንተን ስላሳጣት ነው። የሚገርመው፣ ይህ ሲገባኝም በአንተ ላይ ነው የተናደድኩት።

እንዲያም ሆኖ ባለሙያ ጠራሁ። እትዬ ፊውዝን አታውቃቸውም፣ አንተ ከሄድክ በኋላ ነው ወደ ሰፈራችን የገቡት። ሃምሳ ያለፋቸው፣ አጠር ያሉ፣ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ዓመት የኤሌክትሪክ ጥገና የሠሩ ሴት ናቸው። ስማቸውን ያወጣው ሰፈሩ ነው፤ ሲቆጡ መንደሩ ይጨልማል ለማለት። እሳቸው ግን አይከፋቸውም። «ቤታችሁ እንዳይቃጠል ቀድማ የምትቃጠል ማን ሆነችና» ይላሉ።

ገና ቦርሳቸውን ሳያወርዱ «ማነው የገጠመው?» አሉኝ።

«ወንድሜ» አልኳቸው። በምን ዓይነት ድምፅ እንዳልኩት አንተ ታውቀዋለህ።

«እና ምን በደለሽ?»

«እናቴን በኤሌክትሪክ አስያዛት፣ እትዬ።»

«ተለክቷል?»

«ምኑ?»

«ጥፋቱ ነዋ! የት ላይ እንዳለ ተለክቷል ወይ?»

«ምን መለካት ያስፈልገዋል? እናቴ ወድቃ እጇ ተሰብሯል እኮ!»

«እሱ መውደቋን ነው የሚነግርሽ። ምን እንደጣላት አይነግርሽም።» የእጅ ባትሪያቸውን እጄ ላይ አስቀመጡት። «እኔ ዘንድ ሳይለካ አይፈረድም። ነይ አብሪልኝ።»

ወንድምጋሼ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሳልለካ ጨርቅ ቆርጬ አላውቅም። ለማላውቀው ሰው ሱሪ ስሰፋ እንኳ ወገቡን ሁለት ጊዜ እለካለሁ። ይህን ሲሉኝ አንድ ነገር ጠቅ አደረገኝ፤ ግን ለጊዜው ዋጥኩት።

መጀመሪያ ቴስተራቸውን የሚሠራ ሶኬት ውስጥ ሰክተው መብራቱን አዩ። «የሞተ ቴስተር ሁሉን ሽቦ ሞቷል ይልሻል» አሉኝ። ከዚያ የቦይለሩ ብሬከር መውረዱን አረጋገጡ፣ ቦይለሩ ጋ ያለውን ሽቦ ፈተሹ፣ ተመልሰው ቴስተሩን ራሱን በዚያው ሶኬት እንደገና ፈተሹት። አንተም እንዲህ ነበር የምታደርገው። እኔና አባባ «ምነው ይሄ ልጅ፣ በርበሬ እንደምትቀምስ ሴት አስሬ ይነካካዋል» ብለን ስንስቅብህ ትዝ ይልሃል?

የቦይለሩን ክዳን ከፈቱት። ባትሪውን ጠጋ አድርጌ አበራሁ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በዓይናቸው ተከተሉ። «ምን ተበላሽቷል?» አልኳቸው።

«ይሄን የሠራው ማነው አልሽኝ?»

«ወንድሜ አልኩዎት እኮ።»

ሽቦዎችህ ሁሉ ተስተካክለው ታጥፈው ነበር። በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ቁራጭ ናስትሮ ጠቅልለህ፣ በዚያች በደቃቃ ጽሕፈትህ የትኛው ከየት እንደመጣ ጽፈህበታል። ክዳኑ ውስጥ ደግሞ ንድፉን ስለህ ለጥፈሃል፤ ከኋላህ የሚመጣ ባለሙያ እንዳይቸገር ብለህ ይሆናል። እትዬ ፊውዝ ወረቀቱን በጣታቸው ነካ አድርገው «እጁ ይባረክ» አሉ።

እኔ የረገምኩትን እጅ ነው የመረቁት። የባትሪው ብርሃን ከቦይለሩ ወደ ግድግዳው ሄደ፤ «ቀጥ አድርጊው!» ብለው ጮሁብኝ።

ከዚያ መለካት ጀመሩ፤ አንድ በአንድ። ከብሬከሩ እስከ ቦይለሩ ያለውን መስመር ለኩ፤ ንጹሕ። ሙቀቱን የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት ለኩ፤ ንጹሕ። መጨረሻ ላይ ውሃውን የሚያሞቀውን ብረት፣ ሬዚስታንሱን፣ ከሽቦዎቹ ነጥለው የመለኪያቸውን አንዱን ጫፍ እሱ ላይ፣ ሌላውን የጋኑ ቆርቆሮ ላይ አስነኩት። መለኪያው ጮኸ።

«እዚህ መጮህ አልነበረበትም» አሉ። «ሬዚስታንሱ ውስጡ ተሰንጥቋል። ለውሃው ሙቀት መስጠት ሲገባው ኤሌክትሪኩን ራሱን እየሰጠ ነበር።»

«አላልኩዎትም? ይኸው!» አልኩ። ፈነደቅሁ ማለት ይቻላል። «ይኸው የሱ ቦይለር!»

«ቀስ በይ። ሬዚስታንሱን ወንድምሽ አልሠራው፤ ከፋብሪካ ይዞት የመጣ በሽታ ነው። ይሄ በየቤቱ ያጋጥማል። ሲያጋጥም ሰው እንዳይጎዳ ነው የምድር ሽቦ የሚታሰረው። ያመለጠው ኤሌክትሪክ በሰው ገላ ፈንታ በሱ በኩል መሬት ይገባል። ወንድምሽ ደግሞ አስሮታል፤ ይኸው፣ ቢጫና አረንጓዴው። አጥብቆ ነው ያሰረው።» ካቻቢቴውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው አሰቡ። «እኔን የገረመኝ፣ ሽቦው ካለ ለምን አላዳናትም?»

ሽቦውን ተከተሉት። በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ውጪ ይወጣል። እኛም ወጣን። ከቤቱ ጀርባ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ ባለበት በኩል፣ ከግድግዳው ቀዳዳ ስንዝር የምታህል ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ተንጠልጥላለች። ከታች፣ አንተ የቀበርከው የመዳብ ዘንግ ጫፉ ከአፈሩ ብቅ ብሏል። እሱም ላይ አንዲት ስንዝር ሽቦ ታስራ ቀርታለች። መሃሉ የለም።

እትዬ ፊውዝ ጎንበስ ብለው የሽቦውን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «አልተበጠሰም፤ ተቆርጧል። የቆረጠውም የሙያው ሰው አይደለም። ፒንሳ እንዲህ አያኝክም። ይሄ መቀስ ነው።»

ክው አልኩ።

«ማን ቆረጠው?» አሉኝ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ «እኔ ምን አውቄ! ሌባ ይሆናል» አልኩ።

«ሌባ ይህን የመሰለ መዳብ ትቶ ሦስት ሜትር ሽቦ ይዞ ይሄዳል?» ቀና ብለው አዩኝ። ብዙ አላዩኝም፤ ግን በቂዬ ነበር። «ለማንኛውም ሬዚስታንሱን ገዝቼ ልምጣ» ብለው ወጡ።

አሁን ወንድምጋሼ፣ ልብህን ጠበቅ አድርገህ ስማኝ።

ቦይለሩን ከገጠምክ ከሁለት ሳምንት በኋላ የስፌት ሱቄን የፊት ለፊቱ ክፍል ውስጥ ከፈትኩ አይደል? አንተ ያን ሰሞን ለሥራ ወጣ ብለህ ነበር። ደንበኛ ልብስ የሚለካበት ጥግ በመጋረጃ መከለል ነበረብኝ። በሲባጎ ሰቀልኩት፤ መጋረጃው ከባድ ስለሆነ መሃሉ ላይ ረገበ፣ የሚለብሰው ሰው አንገት እስኪታይ። ጠንካራ ነገር ፍለጋ ጓሮ ዞርኩ። ከግድግዳ ወጥታ፣ ቁልቁል ወርዳ፣ አፈር ውስጥ የምትገባ አንዲት ያማረች ሽቦ አየሁ። «ኤሌክትሪክ ለአፈር ምን ያደርግለታል?» አልኩ። ጥንቃቄም አልጎደለኝም፣ ጥንቃቄዬ ነው ያሳሳተኝ። አንተ የሰጠኸኝን ብዕር የምትመስል ቴስተር አምጥቼ ነካሁበት፤ አልበራም። ባዶ ነው ማለት ነው፣ ወንድሜ የተረፈውን ሳይሰበስብ ረስቶት ሄዷል ማለት ነው። ወደ ሱቅ ገባሁና አሮጌውን መቀስ አመጣሁ።

የምድር ሽቦ በደህና ቀን ባዶ እንደሆነ አሁን ነው ያወቅሁት። ባዶ ሆኖ የሚጠብቀው ክፉ ቀንን ነው።

ስትመለስ «ሽቦህን ሰረቅኩህ» ብዬ ልስቅብህ አስቤ ነበር። ረሳሁት፤ አንተም ሥራ በዝቶብህ ሱቄንም ጓሮውንም ሳታይ ቀረህ። ከወር በኋላ እማዬ ስትወድቅ፣ ሽቦዋ ትዝ እንኳ አላለችኝም። መጋረጃና ኤሌክትሪክ ምን አገናኛቸው? አንተ ልለካው ስትለኝ ባስገባህ ኖሮ በአምስት ደቂቃ ታገኘው ነበር። ያባረርኩህ ጥፋቴን ልደብቅ ብዬ አይደለም፤ ይህን እመነኝ። ጥፋቴን አላውቀውም ነበር። ግን የማያውቅ ሰው ዝም ይላል፤ እኔ ጮህኩ።

እትዬ ፊውዝ እስኪመለሱ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ መጋረጃውን አየሁት። ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተወጥሯል። ሦስት ዓመት ሙሉ በቀን ሃያ ጊዜ ስከፍትና ስዘጋው ኖሬአለሁ። መጋረጃው ውስጥ አንዲት ደንበኛዬ ቀሚስ እየለካች ነበር።

«እህቴ፣ ወገቡ ጠበበኝ መሰለኝ» አለችኝ ከውስጥ።

«አሰፋልሻለሁ። አሁን ልብስሽን ልበሺና ውጪልኝ።»

«ምነው?»

«መጋረጃውን ላወርደው ነው።»

«አሁን? ራቁቴን እያለሁ?»

«ለብሰሽ ስትወጪ። ሦስት ዓመት ዘግይቷል፣ አምስት ደቂቃ አይጨንቀኝም።»

ሴትየዋ እየተገረመች ወጣች። ወንበር ላይ ወጥቼ ሽቦውን ፈታሁትና ጓሮ ወሰድኩት። አንዱን ጫፍ ግድግዳው ላይ ከቀረው ጋር፣ ሌላውን ዘንጉ ላይ ከቀረው ጋር አጋጠምኩት። የመቀሱ ንክሻ ከንክሻው ጋር ልክክ አለ። እዚያው አፈር ላይ ተቀመጥኩ። እያለቀስኩ ሳለ እትዬ ፊውዝ መጡ።

«ሌባዋ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። አልጮሁም። አጠገቤ አረፍ አሉና ሽቦውን ተቀበሉኝ። «ወንድምሽ ምንም አላጎደለም አልልሽም» አሉ። «የሚያመልጥ ኤሌክትሪክ ሲያይ ራሱ የሚወድቅ ብሬከር አለ፤ እሱን ሳያስገባ ማብራት አልነበረበትም።» እኔም ያኔ ብሬከሩ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫው አልቆ እንደነበር፣ «ሲመጣ አስገባዋለሁ» ብለህ እንደነበር ነገርኳቸው። «እሱ የሱ ድርሻ ነው» አሉ፤ «እንደኔ ግምት ሲቀጣበት ኖሯል። ግን ይህች ሽቦ በቦታዋ ብትሆን ኖሮ እናትሽ ያን ቀን ሳሙና ዓይኔ ገባ ብላ ነበር የምትጮኸው። የአንቺ ድርሻ ደግሞ ይሄ ነው።» ሽቦውን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።

ያንን ሽቦ መልሰው አላሰሩትም። «መጋረጃ የለመደ ሽቦ ጡረታ ይውጣ» ብለው አዲስ አወረዱ፣ ሬዚስታንሱን ቀየሩ፣ አንተ ያሰብከውን ብሬከር አስገቡ። በላዩ ላይ ያለችውን መሞከሪያ ቁልፍ ጫን ሲሏት ቀጭ ብሎ ወደቀ። «በየወሩ እንዲህ አድርጊው» አሉኝ። «ሲወድቅ ደስ የሚል ነገር ይሄ ብቻ ነው።»

ለእማዬ የነገርኳት በዚያው ቀን ነው። ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አወራኋት። ማጣጠፏን አላቆመችም። ስጨርስ የያዘችውን ሸሚዝ እንደገና ፈታችና እንደገና አጠፈችው።

«አልጋው ላይ ሆኜ ሰምቼሻለሁ» አለችኝ። «ሐኪም ቤት ያልሽውን። እጄ በሁለት ወር ድኗል። ያ ቃልሽ ነው ያልዳነልኝ።»

«ልደውልለት እማዬ? አሁኑኑ ልደውልለት?»

«አንቺ ስልክ ላይ ትጮሂያለሽ። ስታለቅሺም ትጮሂያለሽ፣ ይቅርታ ስትጠይቂም ትጮሂያለሽ። ጻፊለት። ወረቀት አይጮህም።»

ጻፊለት ያለችው ይኸው ነው። ግን ከመጻፌ በፊት አንድ ነገር አደረግሁ። በሰው ፊት የረገምኩትን በጓዳ ብመልሰው ምን ዋጋ አለው? እሁድ አጎታችንንና አክስታችንን ቤት ጠርቼ፣ ሁለቱም በተቀመጡበት ቆሜ ተናገርኩ። አክስታችን ገና ሽቦው ላይ ስደርስ አለቀሰች። አጎታችን ግን ጆሮው እንዴት እንደደከመ ታውቃለህ፤ «ማን ቆረጠው?» ይለኛል። «እኔ!» እለዋለሁ። «ማን?» ይለኛል። ኃጢአቴን ሦስት ጊዜ በጩኸት ተናዘዝኩ፤ ጎረቤቱ ሁሉ በመስኮት ሰማኝ። በአራተኛው ገባው። ከዚያ «እኔም ያኔ ዝም አልኩ፤ ያ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ሲወጣ እጄን ትከሻው ላይ ማሳረፍ አቅቶኝ» አለ። ይህን እንድነግርህ አደራ ብሎኛል።

ሰኞ ጠዋት እማዬ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ማንንም ሳታማክር መታጠቢያ ቤት ገባች። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። ውሃው ሲወርድ ይሰማኛል። ቆየች። በጣም ቆየች። በሩን ደበደብኩ።

«እማዬ! ደህና ነሽ?»

«ተይኝ እስቲ! የሦስት ዓመት ነው የማጥበው!»

ቀልታ፣ እያበጠረች፣ እንፋሎቱን አስከትላ ወጣች። ጉልበቷን ሁለት ጊዜ አጠፍ ዘርጋ አደረገችው። «የልጄ ውሃ» አለችኝ። ሌላ ነገር አላለችም።

እትዬ ፊውዝ ክዳኑ ውስጥ ያለውን ንድፍህን በስልካቸው ፎቶ አንስተውታል፤ የሚያሠለጥኗቸው ሁለት ሴቶች አሉ፣ ለእነሱ ሊያሳዩ። «ይሄን የሠራ ሰው ቀለም ሲያስረክብ መዋል የለበትም፤ ብቻዬን የማልደርስበት ሥራ አለኝ፣ ከመጣ ንገሪው» ብለውኛል። ነገርኩህ። የመምጣትና ያለመምጣቱ ነገር የአንተ ነው፤ እኔ በአንተ ላይ ፈርጄ ጨርሻለሁ፣ ከእንግዲህ አልፈርድም።

አንድ ነገር ግን እንድታደርግልኝ እለምንሃለሁ። ዛሬ ማታ ክፍልህ ስትገባ አምፖሏን ፍታትና መልሰህ ግጠማት። ባትበላሽም እንኳ። እጅህ እናትህን አልጎዳም። የጎዳት የእኔ መቀስ ነው፤ አንተን ደግሞ የጎዳህ የእኔ አፍ ነው። ያልኩህን እርግማን አንስቼዋለሁ፣ እንደገና የምለው ደግሞ ይህን ነው፤ እጅህ ይባረክ፣ ወንድምዬ። እጅህ ይባረክ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ልልከው ነበር። ፖስታ ቤቱ በር ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ፈራሁ መሰለህ፤ የእኔን ጽሕፈት አይተህ ሳትከፍተው ብትቀድደውስ? ስለዚህ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ይህን የመጨረሻ ገጽ የምጽፈው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው፣ ጽሕፈቴ የተንጋደደው ለዚያ ነው። ወረቀቱን አምጥቶ የሰጠህ ዘበኛ «ከማን ልበል?» ሲለኝ «እሱ ያውቀዋል» ብዬዋለሁ። ከመጋዘናችሁ በር ውጪ ተቀምጫለሁ። ልታየኝ ካልፈለግክ ለሰውየው «ትሂድ» በለው፤ አልጮህም፣ በሩን አልደበድብም፣ ተነስቼ እሄዳለሁ፣ በሚቀጥለው ወርም ተመልሼ እመጣለሁ። ከወጣህ ደግሞ ምንም አትበለኝ፣ ለምንም ነገር መልስ አትስጠኝ። እጅህን ብቻ ከኪስህ አውጥተህ ስጠኝ።

ከበሩ ውጪ ያለችው
እህትህ